ቅዝቃዜ ብቻውን የማያድነው ናሙና

ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው የሚወስደው መድኃኒት እየሠራለት መሆኑ የሚታወቀው በቫይራል ሎድ ምርመራ ነው። ምርመራው የሚቆጥረው በደሙ ውስጥ ያለውን የቫይረሱን አር ኤን ኤ ነው። በኮቪድ ጊዜ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ሲወሰድ የሚፈለገውም ይኸው ሞለኪውል ነበር። አር ኤን ኤው ከናሙናው ተለይቶ ሲወጣ በላቦራቶሪ ባለሙያዋ እጅ የምትቀረው ከጣት ጫፍ በማትበልጥ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያለች ትንሽ ጠብታ ናት። ውኃ ትመስላለች፤ ቀለምም ሽታም የላትም። ብትበላሽም መልኳ አይለወጥም።

ያቺ ጠብታ ብዙ ጊዜ ዳግመኛ አትገኝም። በወረርሽኝ የመጀመሪያ ሳምንት ናሙና የሰጠው በሽተኛ ወይ ድኗል ወይ አርፏል። ቫይረሱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ እንዴት እንደተለዋወጠ ከዓመት በኋላ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ የሚመለሰው ወደ ፍሪዘሩ ነው። ታዲያ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ነገር በእርግጥ አለ ወይ? መልሱ ከፍሪዘሩ ቅዝቃዜ ይልቅ ቱቦው ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት በሆነው ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ዲ ኤን ኤ እና አር ኤን ኤ የቅርብ ዘመዳሞች ቢሆኑም ጠባያቸው ይለያያል። ዲ ኤን ኤ የዘር መዝገብ ስለሆነ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ነው። በሕዋሳችን ውስጥ ያለው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ግን የአንድ ሰሞን ትእዛዝ ነው። ሕዋሱ ከመዝገቡ ይቀዳዋል፣ ፕሮቲን ያሠራበታል፣ ሲበቃው ይሰባብረዋል። አንዳንዱ ትእዛዝ ከደቂቃዎች አይዘልም፤ ሌላው ሰዓታት፣ አልፎ አልፎም ቀናት ይቆያል። ትእዛዙ ባይጠፋ ኖሮ ሕዋሱ ትናንት የታዘዘውን ዛሬም መሥራቱን ባላቆመ ነበር። እኛ በላቦራቶሪ ለዓመታት ማቆየት የምንፈልገው ተፈጥሮ ቶሎ እንዲጠፋ ያዘጋጀችውን ነገር ነው።

የአር ኤን ኤ ሰንሰለት በስኳርና በፎስፌት የተያያዘ ነው። በእያንዳንዱ ስኳር ላይ በዲ ኤን ኤ ውስጥ የሌለች አንዲት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ አለች። ይህች ጥንድ አጠገቧ ያለውን ማያያዣ አጥቅታ ሰንሰለቱን ልትበጥሰው ትችላለች። ፈሳሹ ወደ አልካላይነት ሲያደላ፣ ሲሞቅ፣ ወይም እንደ ማግኒዚየም ያሉ አዮኖች ሲኖሩበት ብጠሳው ይፈጥናል። አር ኤን ኤ ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳይገባበት፣ መበጠሻውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ከውጭ የሚመጣው አር ኤን ኤዝ የሚባለው የኢንዛይም ወገን ነው። በላባችን፣ በምራቃችን፣ በቆዳችን ላይ አለ፤ አቧራ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎችም ያመርቱታል። የዚህ ኢንዛይም ጥንካሬ ያስገርማል። አር ኤን ኤዝ ኤ የተባለው ዓይነት ቢፈላ እንኳ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመልሶ መሥራት ይችላል። አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን ፕሮቲን በራሱ እንዴት እንደሚተጣጠፍ ያሳየው በዚሁ ኢንዛይም ላይ በሠራው ምርምር ሲሆን እ.አ.አ. በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ለኬሚስትሪ መልካም የሆነው ይህ ጠባይ ለላቦራቶሪ ሠራተኛ ፈተና ነው፤ በእንፋሎት ግፊት ዕቃ የሚያጸዳው አውቶክሌቭ እንኳ በዚህ ኢንዛይም ላይ አስተማማኝ አይደለም። ደግሞም ኢንዛይም ስለሆነ ሲሠራ አያልቅም። ትንሽ እርሾ ብዙ ሊጥ እንደሚያቦካ፣ ከአንድ የጣት ንክኪ የቀረ አር ኤን ኤዝ ቱቦ ሙሉ ናሙና ለመቆራረጥ ይበቃዋል።

እንግዲህ ፍሪዘር የሚያደርገው ይህን ሁሉ ማዘግየት ነው። ብጠሳውን ያዘገያል፣ ኢንዛይሙን ያዘገያል። ኢንዛይሙን ግን አያጠፋውም። በቆሸሸ ቱቦ ውስጥ ገብቶ የቀዘቀዘ አር ኤን ኤ በቀለጠ ጊዜ ጠላቱ አጠገቡ ተኝቶ ይነሣል። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከምንም በላይ ይህን እንዲይዝልኝ እመኛለሁ፤ በየቦታው ለውድ ፍሪዘር የሚደረገው ጥንቃቄ ለአንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ሳይደረግ ይቀራልና።

አር ኤን ኤን ከሕዋስ ለማውጣት የሚያገለግለው ዋና ኬሚካል ጓኒዲኒየም ታዮሳያኔት ይባላል። ፕሮቲኖችን ወዲያው ስለሚያፈታታቸው አር ኤን ኤዝም አብሮ ይሰናከላል። ፒዮተር ሆምቺንስኪ እና ኒኮሌታ ሳኪ እ.አ.አ. በ1987 ይህን ኬሚካል ከፌኖልና ከክሎሮፎርም ጋር አጣምረው በአንድ እርምጃ አር ኤን ኤ የማውጫ ዘዴ አሳተሙ፤ ዛሬም በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት በዚያ ዘዴ ወይም በተከታዮቹ ነው። አር ኤን ኤው በዚህ ኬሚካል ውስጥ እስካለ ድረስ ጠባቂ አለው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው በመልካም ሲያልቅ ነው። ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጠባቂው አብሮ ታጥቦ ሄዷል። እጅግ የጠራበት ሰዓት እጅግ የተጋለጠበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የሚገባበት ፈሳሽ ከአር ኤን ኤዝ የጸዳ መሆን አለበት። ይህ ማለት የተጣራ ውኃ ማለት ብቻ አይደለም። ዲኢፒሲ በሚባል ኬሚካል ታክሞ ያደረና ከዚያ በአውቶክሌቭ ኬሚካሉ የጠፋለት፣ ወይም ለዚሁ ሥራ ተዘጋጅቶ የታሸገ ውኃ ያስፈልጋል። ናሙናው ለዓመታት የሚቀመጥ ከሆነ ከውኃ ይልቅ ትሪስና ኢዲቲኤ ያለበት ፈሳሽ ይሻላል። ትሪሱ ፈሳሹ ወደ አልካላይነት እንዳያደላ ይይዘዋል፤ ኢዲቲኤው እንደ ማግኒዚየም ያሉትን አዮኖች ያስራል። በትንሹ ወደ አሲድነት ያደላ የሶዲየም ሲትሬት ፈሳሽም ለዚሁ ያገለግላል። ብዙዎች በውኃ ብቻ የሚያስቀምጡት ኢዲቲኤ ሲበዛ ቀጥሎ የሚመጣውን ፒ ሲ አር የተባለውን፣ የሚፈለገውን ክፍል አባዝቶ የሚያሳየውን ምርመራ ሊያውክ ስለሚችል ነው፤ መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ግን ችግሩ ቀላል ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የሚቆይ ናሙና ደግሞ ጨው ተጨምሮበት በኢታኖል ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ አልኮሉ ኢንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል። ሲፈለግ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ፣ ታጥቦ፣ በውኃ ይሟሟል። አድካሚ ነው፣ ነገር ግን አስተማማኝ ነው።

ቅዝቃዜ ምን ያህል እንደሚያቆይና ምን እንደማያቆይ ለማየት አላስካ የሆነውን ማንሣት ይጠቅማል። እ.አ.አ. በኅዳር 1918 የኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ ብሬቪግ ሚሽን በተባለች ትንሽ መንደር በጥቂት ቀናት ውስጥ 72 ሰዎችን ገደለ። ሟቾቹ ዓመቱን ሙሉ በማይቀልጥ መሬት ውስጥ ተቀበሩ። በ1951 ስዊድን የተወለደው ወጣት ተመራማሪ ዮሃን ሁልቲን በመንደሩ ሰዎች ፈቃድ መቃብሩን ከፍቶ የሳንባ ናሙና ወሰደ። ሲመለስ ማቀዝቀዣው እንዳይሞቅበት ከእሳት ማጥፊያ በሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናሙናውን እያቀዘቀዘ አዮዋ አደረሰው። በሕይወት ያለ ቫይረስ ግን አላገኘም።

ሁልቲን በ1997፣ በ72 ዓመቱ፣ ጄፍሪ ታውበንበርገር የተባለው ተመራማሪ የዚያን ቫይረስ አር ኤን ኤ ቁርጥራጭ ከአሮጌ የሆስፒታል ናሙና ማግኘቱን አንብቦ እንደገና ሄደ። ሁለት ሜትር ያህል ተቆፍሮ የአንዲት ወፍራም ሴት አስከሬን ተገኘ፤ ስቧ ሳንባዋን ከመበስበስ ጠብቆታል። ሁልቲን ሴቲቱን ሉሲ አላት። ስሙን የወሰደው ከእኛዋ ድንቅነሽ፣ በ1974 በአፋር ሃዳር ከተገኘችው ቅሪተ አካል ነው። ድንቅነሽ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ እንደ ነገረችን ይህችም ስለ ወረርሽኙ ትነግረናለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ተስፋውም ተፈጸመ። ከሳንባዋ የተገኘው አር ኤን ኤ የቫይረሱን ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል ለማንበብ ካስቻሉት ናሙናዎች ዋናው ሆነ፤ ሥራው በ2005 ተጠናቀቀ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አር ኤን ኤው እንዴት እንደተገኘ ነው። ወደ 80 ዓመት በቀዘቀዘ መሬት ቢቆይም አንድም ረጅም ሰንሰለት አልቀረም፤ ሁሉም አጫጭር ቁርጥራጭ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቁርጥራጮቹን እያደራረቡ ነው ጽሑፉን መልሰው የገጣጠሙት። በረዶው ጥፋቱን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም። ያ መሬት ደግሞ ከዘመናዊ ፍሪዘር እጅግ ይሞቃል።

ቁርጥራጭ መሆኑ የሚጎዳው እንደ ሥራው ነው። ፒ ሲ አር የሚፈልገው መቶ ገደማ ፊደላት፣ ማለትም የሰንሰለቱ ቀለበቶች፣ ያሉት አጭር ክፍል ሳይበጠስ መገኘቱን ብቻ ስለሆነ የተጎዳ ናሙናም «አለ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። የኮቪድ ቫይረስ አር ኤን ኤ ግን 30 ሺህ ገደማ፣ የኤችአይቪ ደግሞ 10 ሺህ የሚጠጋ ፊደላት አሉት። ሙሉውን በረጃጅሙ ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ እንኳ ተበጥሶ ቢገኝ ሥራው ይከብደዋል። ለምርመራ ደኅና የሆነች ቱቦ ለምርምር ሙት ልትሆን የምትችለው ለዚህ ነው። ሥራው ቫይረሱን መቁጠር በሆነበት በቫይራል ሎድ ምርመራ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። አር ኤን ኤው በከፊል ከተበጣጠሰ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይነበባልና መድኃኒቱ ያልሠራለት ሰው የሠራለት ሊመስል ይችላል።

ወደ ዲግሪው እንምጣ። በሥራ ጠረጴዛ ላይ ያለ ቱቦ በበረዶ ላይ ይቀመጣል፤ በንጽሕና የወጣ አር ኤን ኤ በዚያ ሁኔታ ለሰዓታት ይቆያል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሳምንታትና ለጥቂት ወራት ይሆናል። ለዓመታት የታሰበ ከሆነ ቦታው ከዜሮ በታች 80 ነው፤ በላቦራቶሪ ቋንቋ ማይነስ ኤይቲ የሚባለው። በ20 ዲግሪው ላይ በዓይን ሲታይ ሁሉ ነገር በረዶ ነው። ውኃው ሲረጋ ግን የተሟሟው ጨው፣ አር ኤን ኤውና ምናልባትም ኢንዛይሙ በበረዶው መካከል በቀሩ ጠባብ ፈሳሽ ስንጥቆች ውስጥ ይከማቻሉ፤ በዚያ ቀስ ያለ ሥራ ሊቀጥል ይችላል። ወደ 80 ሲወርድ ይህ ከሞላ ጎደል ይቆማል።

በየቤቱ የምናውቀው በረዶ የማይጋገርበት ፍሪዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግድግዳው ላይ በረዶ እንዳይጋገር በየጊዜው ራሱን ያሞቃል፤ ለሥጋና ለአትክልት ምንም አይደለም፤ ለትንሽ ቱቦ ግን በየቀኑ ትንሽ መቅለጥና መርጋት ማለት ነው። መቅለጥና መርጋት ደግሞ አንዱ የጉዳት ምንጭ ነው። በደንብ የተጣራ አር ኤን ኤ ጥቂት ዙር ሊችል ይችላል፤ ረጃጅሙ ግን ቀድሞ ይጎዳል፣ ቱቦው በተከፈተ ቁጥርም አዲስ አር ኤን ኤዝ የመግባት ዕድል አለ። መፍትሔው ቀላል ነው። ናሙናው በወጣበት ዕለት ወደ ትንንሽ ቱቦዎች ይከፈላል፤ ሃምሳ ማይክሮ ሊትር ካለ አምስት ባለ አሥር ይሆናል። አንዷ ወጥታ ስትቀልጥ አራቱ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ይህ ሥራ በዕለቱ የሚሰለች ነው። ሲመሽ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲቸኩል፣ «ነገ አደርገዋለሁ» የሚባልበት ነው። እኔ ግን ፍሪዘር ከመግዛት ቀጥሎ ትልቁ ጥበቃ ይሄ ነው እላለሁ። የናሙናው መጠን እጅግ ትንሽ ሲሆን ደግሞ አር ኤን ኤው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር የማይለጠፍበት ቱቦ ይመረጣል።

ጓንት ማድረግን ሁሉም ያውቃል። በጓንቱ የፍሪዘሩን እጀታ ከፍቶ፣ ስልክ አንሥቶ፣ ፊትን አክኮ ወደ ቱቦው መመለስ ግን ጓንት እንዳላደረጉ ያህል ነው።

በቱቦው ላይ ስለሚጻፈውም አንድ ነገር ልበል። ተራ እስክርቢቶ በብርድና በአልኮል ይለቅቃል። ስሙ የጠፋበት ቱቦ ውስጡ ያለው አር ኤን ኤ ምንም ያህል ደኅና ቢሆን ለማንም አይጠቅምም። ቅዝቃዜ የሚችል መለያ ወረቀት፣ ናሙናው የወጣበት ቀን፣ መጠኑ፣ ስንት ጊዜ እንደቀለጠ፣ በየትኛው መደርደሪያ በየትኛው ሳጥን እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገብ የሌለው ላቦራቶሪ ቱቦ የሚፈልገው በሩን ከፍቶ ቆሞ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ገብቶ በረዶ ይጋገራል፣ የበሩ ጎማ አልገጥም ይላል፣ ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ፍሪዘሩ ራሱ ቀላል ማሽን አይደለም። አንድ ኮምፕረሰር ቅዝቃዜውን ከዜሮ በታች 80 ድረስ ማውረድ ስለሚከብደው አብዛኞቹ ሁለት አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ሙቀት እየተቀበለ ወደ ውጭ ያወጣል። ሙቀቱን የሚወስደው የክፍሉ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። የብዙ መሣሪያዎች መመሪያ ደግሞ የሚናገረው እስከ 2000 ሜትር ነው። ስለዚህ እኛ አገር ፍሪዘርን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ሦስት አራቱን ጎን ለጎን ማጨቅ ከሌላ አገር ይበልጥ ይጎዳል። የአየር ማስገቢያው ወንፊት አቧራ ሲይዝም እንዲሁ። ወንፊቱን ማጽዳት ገንዘብ አይጠይቅም።

መብራት መጥፋቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል፤ ባዶው ግን ቶሎ ይሞቃል፣ ስለዚህ ባዶ መደርደሪያን በውኃ በተሞሉ የቀዘቀዙ ዕቃዎች መሙላት ይረዳል። ጄኔሬተሩ በራሱ መነሣቱ፣ ነዳጅ መኖሩ፣ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል እንዳያቃጥል ስታቢላይዘር መኖሩ፣ እነዚህ በወር አንዴ ሆን ተብሎ መብራት እየተቋረጠ መፈተን አለባቸው። ባልተፈተነ ጄኔሬተር የሚተማመን ላቦራቶሪ ጄኔሬተር የለውም።

ሰው ደግሞ አለ። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ሬንሴሌር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት እ.አ.አ. በመስከረም 2020 አንድ ፍሪዘር በትንሹ ሞቅ ብሎ ማንቂያው መጮህ ጀመረ። በኮቪድ ገደብ ምክንያት ጠጋኝ እስኪመጣ ቀናት ያስፈልጉ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ናሙናው እስከዚያ እንደሚቆይ አረጋግጠው፣ ማንም እንዳይነቅለው አጥረው፣ ጩኸቱን እንዴት ማጥፋት እንደሚቻል የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጠፉ። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ጩኸቱን ሰምቶ የኤሌክትሪክ ማቋረጫውን ነካ፤ ያጠፋ ሳይሆን ያበራ መስሎት ነበር። በማግሥቱ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 32 ላይ ተገኘ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የተሠራበት ምርምር ናሙና ጠፋ። ተቋሙ በ2023 የጽዳት ድርጅቱን ሠራተኛውን በአግባቡ አላሠለጠነም ብሎ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ጠይቆ ከሰሰ። እኔ ግን ሰውየውን መውቀስ ይከብደኛል። ለቀናት ያለማቋረጥ የሚጮህ ነገር የሰማ ሰው ሊረዳ ነው የሞከረው። የጽዳት ሠራተኛና የጥበቃ ሠራተኛ በሌሊት ከናሙናው ጋር የሚቀሩት ሰዎች ናቸው፤ ምን እንደሚጠብቁ በቋንቋቸው፣ ፊት ለፊት ሊነገራቸው ይገባል።

ስቶክሆልም የሚገኘው ታዋቂው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩትም በታኅሣሥ 2023፣ በገና በዓል ሰሞን፣ ለ16 ማቆያ ጋኖች የሚሄደው ፈሳሽ ናይትሮጅን ተቋረጠበት። ጋኖቹ ያለ ተጨማሪ ናይትሮጅን አራት ቀን ይችላሉ፤ አምስት ቀን ሆናቸው። ከሉኪሚያ ሕመምተኞች እስከ ሠላሳ ዓመት ሲሰበሰብ የኖረ ናሙና አለቀ። በሁለቱም ቦታ የጎደለው ማቀዝቀዣ አልነበረም። ለዚህ ነው እጅግ ውድ የሆነ ናሙና ሁለት ቦታ፣ ቢቻል በሁለት ሕንፃ ተከፍሎ መቀመጥ ያለበት፤ ማንቂያውም ክፍሉ ውስጥ ከሚጮህ በበዓል ቀንም ስልክ ለሚያነሣ ሰው ቢደውል ይበጃል።

ፍሪዘሩ ሞቆ ከተገኘ መጀመሪያ የሚደረገው በሩን አለመክፈት ነው፤ ሰዓቱንና የሚነበበውን ዲግሪ መጻፍ፣ ሌላ ፍሪዘር ወይም ደረቅ በረዶ ማዘጋጀት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ማዛወር። ደረቅ በረዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሊያፍን ይችላል፤ መስኮት ይከፈት። ቀጥሎ ሳጥኑን ሁሉ ከመጣል በፊት መመርመር ነው። ናሙናው በ260 እና በ280 ናኖ ሜትር የሚመጠው ብርሃን ጥምርታ ሁለት አካባቢ መሆኑ የሚናገረው ናሙናው ከፕሮቲን መጥራቱን እንጂ አለመበጣጠሱን አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አለመበጣጠሱን የሚያሳየው አር ኤን ኤውን በርዝመቱ የሚለያየው መሣሪያ ነው፤ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፣ 10 ፍጹም ያልተነካ ነው። ይህ ነጥብ ግን የሚሰላው ከሕዋስ በሚወጣው የራይቦዞም አር ኤን ኤ ላይ ስለሆነ ከደም ፈሳሽ ክፍል (ፕላዝማ) ለተገኘ የቫይረስ አር ኤን ኤ አይሠራም። ለዚያ አማራጩ ቀድሞ ውጤቱ የታወቀ ናሙናን ዳግም በፒ ሲ አር አሠርቶ የዛሬውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ማነጻጸር ነው። ከእያንዳንዱ መደርደሪያ አንድ ቱቦ ለዚሁ ብቻ ተብሎ ከመጀመሪያው ቢቀመጥ፣ ያን ቀን ሲመጣ የትኛው እንደተረፈ መገመት አያስፈልግም።